የአምስተኛው ክምር ብረት

ተስፋነሽ ከአዋሽ ስትደውል ነኢማ የሱብሂን ሶላት ሰግዳ መስገጃዋን ገና አላጠፈችም ነበር። ተስፋነሽ አዋሽ ከተማ ዳር የችግኝ ጣቢያ ያላት ሴት ናት። ሰላምታ ታስረዝማለች። የቤተሰቡን፣ የጤናውን፣ የሙቀቱን ነገር ተራ በተራ ሳትጠይቅ ወደ ጉዳይ አትገባም። የዚያን ዕለት እሁድ ግን «ነኢማ» አለችና ዝም አለች።

«ምነው? ደኅና አይደለሽም?»

«ብስባሹን ልፈትንበት የዘራሁት ፌጦ አልሆነም።»

«አልበቀለም?»

«ብቅ ማለቱንስ ብቅ ብሎ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጫፉ ጠቆረ። ዛሬ ሳየው አንድም አልተረፈም። ዘሩ ይሆን እንዴ ብዬ በሌላ ጣሳ የወንዝ ደለል ላይ ዘርቼ ነበር፤ እሱ እንደ ጸጉር ተነሥቷል። ጥፋቱ ያለው እናንተ ብስባሽ ውስጥ ነው። አብዱልበሲጥ ሲልክልኝ እንዲህ ሆኖ አያውቅም።»

ነኢማ መስገጃው ላይ ተመልሳ ተቀመጠች።

«ማዘጋጃ ቤቱ፣ እስከ ሐሙስ ጠዋት እኔ ብስባሽሽን እንደምገዛ የፈረምኩበትን ውል ካላሳየሽ ቦታው የመኪና ማቆሚያ ይሆናል ብሎሻል አይደል?» አለች ተስፋነሽ። «እኔ ደግሞ ያልበቀለበትን በቅሏል ብዬ አልፈርምም። አብዱ ራሱ ቢነሣ አልፈርምለትም።»

«አውቃለሁ።»

«ሌላ ጆንያ ላኪልኝ። ነገ ጠዋት ከገባልኝ እስከ ሐሙስ ሦስት ቀን አለው፣ ይለይለታል። ከነገ ካለፈ ግን እህቴ፣ እኔም አልደርስልሽም።»

አብዱልበሲጥ የነኢማ ባል ነበር። ሰመራ ላይ ስድስት ዓመት ሙሉ ከሆቴሎቹ የምግብ ትርፍና የአትክልት ልጣጭ፣ ከጫት ቤቶቹ ገረባውን፣ ከከብት ማደሪያው እበትና በጠጥ እየሰበሰበ ከቤታቸው ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ይከምር ነበር። የዚያ አገር መሬት ውሃ ሲጠጣ ጭቃ፣ ሲደርቅ ሲሚንቶ ነው። ሰው መጀመሪያ ላይ ሳቀበት፤ «የቆሻሻው ሼህ» የሚል ስምም አወጣለት። በኋላ ግን በዚያው መሬት ላይ ቃሪያና ሽፈራው ሲያበቅል ሳቂዎቹ ራሳቸው ጆንያ ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። ከዚያ ወዲያ የአዋሽዋ ተስፋነሽ ሳትቀር ችግኞቿን በእሱ ብስባሽ ነበር የምታፈላው።

አንድ ልማድ ነበረው። በየክምሩ እምብርት ላይ አንድ ክንድ ተኩል የሚሆን ፌሮ ብረት ሰክቶ ያሳድራል። ጠዋት ከሱብሂ በኋላ ይነቅለውና በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ቤት ይሮጣል። ነኢማ መዳፍ ላይ ያስቀምጥና «ምን አለሽ?» ይላታል። እሷ ጨብጣ ትነግረዋለች። ብረቱ የሚፋጅ ከሆነ «ነገ ይገለበጣል» ትላለች። ለብ ካለ «ተወው፣ ይተኛ»። ቀዝቃዛ ከሆነ ክምሩ ሥራውን ጨርሷል፤ አፈር ሆኗል ማለት ነው። «የእኔ እጅ በአካፋ ደንዝዟል፣ የሚያውቀው ያንቺ ነው» ይላት ነበር። ሲቀልድ ነው የሚመስለው፤ ግን አንድም ቀን ሳይጠይቃት ክምር ገልብጦ አያውቅም።

ሐምሌ ላይ፣ ድንጋዩ በሚሰነጠቅበት ሙቀት፣ አምስተኛውን ክምር ሠራ። ያረጀ አረንጓዴ ሽርጡንም «ጥጥ ነው፣ ይበሰብሳል» ብሎ ውስጡ ጨመረው። ገብቶ ውሃ ጠጣ፣ ጋደም አለ። መግሪብ ሳይደርስ ሞተ።

ነኢማ ዒዳ ገባች። ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከዐሥር ቀን ግድ ካልሆነባት ከቤቷ አትወጣም። ሦስት ወር ከሳምንት ሆኗታል። የባሏ አክስት ኡሙሀኒ ከባቲ መጥተው አብረዋት ተቀመጡ። ክምሮቹን ደግሞ የአብዱልበሲጥ ጓደኛ አለባቸው ያዘ። አለባቸው መንገድ ዳር ካለው ጋራዥ በያጅ ነው፤ የጎንደር ሰው፣ አፉ የማያርፍ፣ ልቡ ግን ቀና። ጠዋት ጠዋት የብየዳ ጓንቱን እንዳጠለቀ ብረቱን ይነቅልና በሩ ላይ ሆኖ ለኡሙሀኒ ያቀብላል። እሳቸው ለነኢማ ያቀብላሉ። ነኢማ ከውስጥ ሆና ታዝዛለች። አራቱ ክምሮች በተራቸው ቀዘቀዙ፤ አለባቸውም ወደ ጆንያ ገለበጣቸው። አምስተኛውን ግን «ገና ነው፣ እንዳትነካው» ብላዋለች።

የዚያን ዕለት እሁድ ብረቱን ይዞ ሲመጣ ነኢማ ከቆርቆሮው በር ጀርባ ቆማ ጠበቀችው።

«ደኅና አደራችሁ፣ እማማ» አለ አለባቸው ብረቱን ለኡሙሀኒ እያቀበለ። «ዛሬስ አልቆጡኝም?»

«ለቁጣው ቀኑ ረጅም ነው» አሉት። «እስቲ ስማት።»

ነኢማ የሰማችውን ነገረችው። አለባቸው መጀመሪያ ሳቀ። «ተስፋነሽ ውሃ ነፍጋው ይሆናል።»

«ደለሉ ላይ በቅሏል።»

ሳቁ ቆመ። ሳይታዘዝ ሮጦ ሄዶ ከተከመሩት ጆንያዎች አንዱን ተሸክሞ መጣ፤ በሩ ሥር ጣለው። ኡሙሀኒ አፉን ፈቱላት። ነኢማ እጇን በበሩ ክፍተት አውጥታ አንድ እፍኝ ዘገነች። ቀዝቃዛ ነው። ሽታው መልካም ነው። አሸችው፤ እንደሚገባው ይፈረፈራል። ምንም አላገኘችበትም። ምንም ባለማግኘቷም ይበልጥ ፈራች፤ የማይታወቅ በሽታ አይታከምምና።

ኡሙሀኒ ግን ብስባሹን አላዩም። ጆንያውን ነበር የሚያዩት። ስፌቱ ላይ ነጭ ነገር ጋግሯል። በጥፍራቸው ፋቁት፣ ምላሳቸው ጫፍ ላይ አደረጉት፣ ወዲያው ተፉት።

«ኧረ እማማ! ይሄ እበት የነካው ነው!» አለ አለባቸው።

«ዝም በል! ባቲ ገበያ የጨው ነጋዴ ልጅ ነኝ፤ ጨው ይጠፋኛል? ጆንያውን ከየት ነው ያመጣኸው?»

አለባቸው ጆንያውን አገላብጦ አየው።

«አንተን እኮ ነው!»

«ከአፍዴራ የሚመጡት ሾፌሮች... የአብዱ ጆንያዎች ተበጣጥሰው አልቀው ነበር። እነሱ ጨው አራግፈው ባዶውን ይጥሉታል። ያልተቀደደ፣ ጠንካራ። አንድም ሳንቲም ሳልከፍል አገኘሁ ብዬ...» ወደ በሩ ዞረ። «አራግፌዋለሁ እኮ ነኢማ። በመድኃኔዓለም፣ አንድ በአንድ ግድግዳ ላይ እየመታሁ ነው ያራገፍኩት።»

«ከሞላኸው በኋላስ? ውሃ ትረጭበታለህ?»

«በየሦስት ቀኑ። አብዱ እንዳይደርቅ ይል ስለነበር።»

ነኢማ ዐይኗን ጨፈነች። ውሃው ጨዉን ከጆንያው እያሟሟ ወደ ብስባሹ ሲያወርደው ታያት። አብዱልበሲጥ ከሆቴል የሚመጣውን የወጥ ትርፍ ሳያጥብ ክምር ውስጥ አይጨምርም ነበር። «ጨውና አፈር አይታረቁም» እያለ። እሷ ይህንን ለአለባቸው ነግራው አታውቅም። ጆንያውን ከየት አመጣኸው ብላም አልጠየቀችው። እሱስ ከየት ያውቃል? በያጅ ነው።

«ስንቱን ነው የሞላኸው?»

«ሁሉንም። አርባ ሁለቱንም።»

«ያ ረቢ» አሉ ኡሙሀኒ፤ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ።

አለባቸው ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ጨመቀው። «ታጥቦ አይለቅም?»

«ይለቅ ነበር፤ ቦቴ ሙሉ ውሃና ሁለት ወር ቢኖረን።»

ከመንገዱ የከባድ መኪና ጉርምርምታ ተሰማ። ከዚያ አለባቸው ቀና አለ። «አምስተኛው አለ እኮ! እሱ ጆንያ አልነካውም። ሾፌሩ ደጀን ስድስት ሰዓት ላይ በሚሌ አድርጎ ወደ አዋሽ ይወርዳል። አሁኑኑ አንድ ጆንያ ሞልቼ ብሰጠው ነገ ጠዋት ተስፋነሽ እጅ ነው።»

«አልደረሰም» አለች ነኢማ። መልሱ ከጥያቄው ቀደመ። «ገና ትኩስ ነው። ትኩስ ብስባሽ ደግሞ ከጨው ባልተናነሰ ዘር ይገድላል።»

አለባቸው ኡሙሀኒን አያቸው። ብረቱ ጭናቸው ላይ ነበር። እሳቸው በጣታቸው ያገላብጡታል።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «ደጀንን እንዲጠብቀኝ ልንገረው። ከስድስት በፊት እመለሳለሁ። እስከዚያ አንድ ነገር ይታይሽ ይሆናል።»

እንደሄደ ነኢማ እንደ ወትሮዋ ብረቱን ልትቀበል እጇን ዘረጋች። ኡሙሀኒ አልሰጧትም።

«መስኮቱ ላይ ልታቆሚው ነው?»

ነኢማ ፊቷ ተለዋወጠ።

«እኔ ብረቱን ከአለባቸው እጅ የምቀበል ማን ሆኜ ነው?» አሉ አክስትየው። «ከቀዘቀዘ ዛሬ ዐሥራ ሁለት ቀኑ ነው። በየጠዋቱ ትቀበይኛለሽ፣ መስኮቱ ላይ ፀሐይ ታስመቺዋለሽ፣ ሲግል ትጨብጭዋለሽ። ከዚያ ለዚያ ምስኪን ገና ነው ትይዋለሽ።»

«ካወቁ ለምን ዝም አሉ?»

«ሐዘንተኛን ማን ይቆጣል? ዒዳዋ እስኪያልቅ ብረትም ታሙቅ፣ ድንጋይም ታሙቅ አልኩ። ማንን ይጎዳል? ዛሬ ግን ጎዳ።»

ነኢማ በሩ ሥር ቁጭ አለች። «አክስቴ፣ እጁ የነካው የመጨረሻው ነገር ነው። ሙቀቱ... እሱ ያስቀመጠው ሙቀት ነው። ክምሩ ከተከፈተ በኋላ ጠዋት ምን እጨብጣለሁ?»

ኡሙሀኒ አልራሩላትም፤ ወይም ርኅራኄያቸው እንደዚያ ነበር። «ስሚ ልጄ። ሰውየው አላህ ዘንድ ነው፤ ገረባ ውስጥ ምን ይሠራል? አንቺ ካልከፈትሽው ደግሞ ሐሙስ የመኪና ጎማ ይከፍተዋል። ያኔ ለአፈርም አይሆን፣ ለትዝታም አይሆን። ክምሩም፣ ቦታውም፣ የስድስት ዓመት ድካሙም አስፋልት ሥር ይገባል። እሱ በሕይወት ሳለ ልጠይቃችሁ ስመጣ ምግብ ከእበት ጋር ይቀላቅላል ብዬ ተቆጥቼው ነበር፤ የምግብ ትርፍ የአላህ ጸጋ ነው ብዬ። እሱ ምን አለኝ? ‹አክስቴ፣ ከሚጣል ተመልሶ እህል ቢሆን አይሻልም?› አለኝ። ይመለስ እንጂ! ዘግተሽ አስቀምጠሽው ከምኑ ይመለሳል?»

ብረቱን ዘረጉላት። ነኢማ መስኮቱን ሳታይ ተቀበለችው። ጨበጠችው። እንደ ጉድጓድ ውሃ ቀዝቃዛ ነበር። ለረጅም ጊዜ ይዛው ቆየች፤ ከእጇ ሙቀት እየወሰደ ቀስ ብሎ ለብ እስኪል።

«ስንት ሰዓት ነው?» አለች።

«አምስት ሊሆን ነው።»

«ልውጣ?»

«ለግድ በቀን መውጣት ይቻላል። ከዚህ የባሰ ግድ ምን አለ? እኔም አብሬሽ አለሁ።»

አለባቸው ሲመለስ ሁለቱ ሴቶች ክምሩ አጠገብ ቆመው አገኛቸው። ነኢማን ከቀብሩ ዕለት ወዲህ ፊት ለፊት አይቷት አያውቅም። መሬት መሬት እያየ አካፋውን አነሣ።

«ስጠኝ» አለች።

«ነኢማ፣ እኔ...»

«ስጠኝ አልኩህ። አንተ ጆንያ ፈልግ። የጨው እንዳይሆን!»

«ሁለተኛ ጨው ወጥ ውስጥም አልጨምርም» አለ። ለመቀለድ ነበር፤ ሳይስቅ ግን ጆንያ ፍለጋ ሮጠ።

የክምሩ ላይኛው ገጽ ደርቆ ነበር፤ የጫቱ እንጨት እንዳለ ነው። ነኢማ አካፋውን ስትሰነዝር እንፋሎት ይወጣል ብላ ፊቷን አዞረች። ምንም አልወጣም። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ሰነዘረች። ከቅርፊቱ ሥር ጥቁሩ ወጣ። የሰኔ የመጀመሪያ ዝናብ ባቲ ተራራ ላይ ሲወርድ የሚሸተውን ሸተተ። ተንበርክካ በእጇ ቆፈረች። ሽርጡን ፈለገች። የዳቦው ቁራሽ የለም፣ የሎሚው ልጣጭ የለም፣ እበቱ ከገረባው አይለይም። እስከ ክንዷ ድረስ አስገባች። አረንጓዴ ነገር የለም። ክር እንኳ የለም። ሁሉም አፈር ነው።

አለባቸው ባዶ እጁን ተመለሰ። «ያገኘሁት ሁሉ የጨው ነው» አለ፤ ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። «ደጀን ሞተር አስነሥቷል።»

ኡሙሀኒ ወደ ቤት ገቡ። ከባቲ ያመጡትን የበሶ ዱቄት በትልቁ ድስት ላይ ዘረገፉና ከረጢቱን እያራገፉ ወጡ። «እስከ ረመዳን ያኖረኛል ያልኩት ነበር» አሉ። «ያዙ!» የከረጢቱን አፍ አለባቸው ከፍቶ ያዘ፣ ነኢማ ሞላች። ከመንገዱ ክላክስ ተሰማ፤ አንዴ፣ ሁለቴ። አለባቸው ከረጢቱን ትከሻው ላይ ጥሎ ሮጠ። መኪናው ጎማው መዞር ከጀመረ በኋላ ነበር ደጀን በመስኮቱ የተቀበለው።

ነኢማ አንድ እፍኝ አስቀርታ ነበር። ኡሙሀኒ ለሆድ ቁርጠት ከያዙት ፌጦ ቆንጥራ በባዶ የወተት ጣሳ ዘራች።

ሰኞ ከማዘጋጃ ቤቱ ሁለት ሰዎች ሜትር ይዘው መጡ። ቦታውን ለኩ፤ ለእያንዳንዱ መኪና መቆሚያ በኖራ መስመር አሰመሩ። አንዱ መስመር በአምስተኛው ክምር ላይ አለፈ። ማክሰኞ ጠዋት ጣሳው ውስጥ አረንጓዴ ነጥቦች ታዩ። አለባቸው በበሩ ክፍተት አይቶ ጮኸ።

«በቀለ!»

«ዝም በል» አለችው ነኢማ። «ያኛውም በቅሎ ነበር። የተቃጠለው በሦስተኛው ቀን ነው።»

ረቡዕ ከጣሳው አልራቀችም። ጠዋት ቅጠሎቹ ተከፈቱ። ቀትር ላይ አንዱ ጎንበስ ያለ መሰላት፤ ነፍሷ ልትወጣ ደረሰች። ኡሙሀኒ ጎንበስ ብለው አዩ። «በጣም ስላየሽው አፍሮ ነው» አሉ። አልሳቀችም። ውሃ ጠብ አደረገችበት። ወደ ዐስር ሶላት ግድም ቀና አለ። ግን የተስፋነሽ ጣሳ የተዘራው ሰኞ ነው። ፊርማው ያለው እዚያ ነው።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከባድ መኪኖቹ መጡ። አራት ናቸው። ቦታው አፍ ላይ ተሰልፈው ቆሙ፤ ረዳቶቹ ወርደው ጎማ ሥር ድንጋይ አደረጉ። ከማዘጋጃ ቤቱ ወረቀት የያዘ ሰው መጥቶ በሩን አንኳኳ።

«ወይዘሮ ነኢማ፣ ሁለት ሰዓት ብለን ነበር የተስማማነው። ውል ካለ ያሳዩኝና እመለሳለሁ። ከሌለ ሾፌሮቹ መንገድ ዘግተው ነው የቆሙት።»

«ገና ሁለት አልሞላም» አሉ ኡሙሀኒ በበርጩማቸው በሩን ዘግተው።

«አልሞላም እማማ። እጠብቃለሁ።»

ነኢማ ስልኩን ሁለት እጇ ውስጥ ይዛ ነበር። መደወል አልቻለችም። ተስፋነሽ እንደ እሁዱ «ነኢማ» ብላ ዝም ብትል ምን ታደርጋለች? ለሁለት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀር ስልኩ በራሱ ጠራ።

«ሀሎ?»

«ነኢማ እህቴ፣ እንደምን አደርሽ?» አለች ተስፋነሽ። «ደኅና ነሽ? አክስትሽስ ደኅና አደሩ? እግራቸውን ያማቸው ነበር፣ ተሻላቸው? ሙቀቱስ እንዴት ነው እዚያ? እዚህ ጠዋት ጠዋት ነፈስ ብሎልናል...»

ነኢማ ግድግዳውን ተደገፈች። ሌላ አልጠበቀችም። እንባዋ ሳይታዘዝ ይወርድ ጀመር። ተስፋነሽ ገና ስለ ሙቀቱ እያወራች ነበር።

«ደኅና ነን» አለች ነኢማ። «አልሐምዱሊላህ፣ ሁላችንም ደኅና ነን።»

«ፌጦው ምንጣፍ ሆኗል። ውሉን ፈርሜ ፎቶውን ልኬልሻለሁ፣ ክፈቺው።»

አለባቸው ስልኩን ከኡሙሀኒ እጅ ተቀብሎ ለሰውየው አሳየ። ሰውየው አንብቦ፣ ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጽፎ፣ ለሾፌሮቹ እጁን አወዛወዘ። መኪኖቹ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ወጡ። የመጨረሻው ሲዞር የኖራውን መስመር በጎማው አደባለቀው።

በዚያ ሳምንት የአምስተኛው ክምር አፈር በሙሉ ወደ አዋሽ ወረደ፤ በዱቄት ከረጢት። ጨው የነካውን አርባ ሁለቱን ጆንያ ከከተማው ውጪ ቡቃያ የሌለበት ገደል አፋፍ ላይ አፈሰሱት። አለባቸው አዲስ ክምር ጀመረ። የወጥ ትርፉን ሁለት ጊዜ ያጥብ ነበር፤ «ሦስተኛ ካጠብከው ሾርባ ይሆናል» እስኪሉት ድረስ ኡሙሀኒ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ብረቱን በጨርቅ ጠቅልሎ እየሮጠ መጣ። ኡሙሀኒ ተቀበሉትና «ኧረ ይፋጃል!» ብለው ለነኢማ ወረወሩላት ማለት ይቻላል። መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ፀሐዩም ደፉ ላይ ወርዶ ነበር። ነኢማ ወደዚያ አልሄደችም። ጨርቁን ገልጣ ብረቱን መዳፏ ላይ አደረገች፤ እስኪያማት ያዘችው።

አለባቸው በሩ ላይ ቆሞ ኮፍያውን ያሽከረክራል። ሌላ ጊዜ አቀብሎ ይሄድ ነበር እንጂ ጠይቆ አያውቅም።

«ምን አለሽ?» አለ።

ነኢማ ብረቱን መልሳ በጨርቁ ጠቀለለችው።

«ነገ ይገለበጣል» አለች።